ጠላ ከጓሮ፣ አረቄ ከሩቅ፦ የቤት መጠጥ አዲስ አበባን እንዴት ሠራት?

ጠላ ቤት በየቅያሱ ለምን ኖረ? ጠጅ ቤት ለምን ጥቂት፣ ግን ሰፊ ሆነ? አረቄ ለምን ከአርሲ ነገሌና ከደብረ ብርሃን በጄሪካን ተጭኖ ይመጣል? ቢራ ፋብሪካስ ለምን ሜክሲኮ አካባቢ ተተከለ?

ብዙ ጊዜ «ባህል ነው» ወይም «ድህነት ነው» ብለን እናልፈዋለን። ሁለቱም አሉበት። ከሁለቱም በፊት ግን አንድ ተራ ጥያቄ አለ፦ መጠጡ ስንት ቀን ይቆያል? ምን ያህልስ መንገድ ይችላል? ቶሎ የሚበላሽ መጠጥ ጠጪው ደጃፍ ላይ መጠመቅ አለበት። የማይበላሽ መጠጥ ደግሞ እንጨትና እህል ወደ ረከሰበት ይሄዳል። ይህን ይዞ አዲስ አበባን የዞረ ሰው ሰፈሮቹ ለምን እንደዚያ እንደተሠሩ ይገባዋል። አሁን ሲፈርሱ አብሮ የሚሄደውም ይታየዋል።

ጋኑ ቦታ ይፈልጋል

ከጠላ እንጀምር። ጠማቂዋ መጀመሪያ ጋኑን በግራዋ ቅጠል ፈትጋ ታጥባለች። ከዚያ ወይራ አጭሳ ጋኑን ትደፋበታለች፤ ጭሱ ውስጡን እስኪጠግብ ድረስ። የተወቀጠ ጌሾ በውሃ ትጠነስሳለች። ጥንስሱ ሁለት ሦስት ቀን ሲቆይ ብቅልና የተቆራረሰ ቂጣ ይገባበታል። ቀጥሎ እህሉ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ እንኮሮ ተሠርቶ ይጨመራል። ይኼ ሁሉ አንድ ላይ ድፍድፍ ይሆናል። ድፍድፉ አፉ ታሽጎ ይቀመጣል። በመጨረሻ ውሃ ይገባበትና ጠላ ይሆናል። እንደ አየሩና እንደ ጠማቂዋ እጅ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጃል።

አሁን ይኼን ሥራ በቦታ ዓይን እንየው። ቂጣው ምድጃ ይፈልጋል፣ ምድጃው ጢስ መውጫ ይፈልጋል። ብቅሉ በቅሎ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ስለዚህ ማስጫ ያስፈልጋል። ጋን ማጠቢያው፣ ጥንስሱ፣ መበረዣው ሁሉ ውሃ ነው። ጋኑም አንድ አይበቃም። ሁልጊዜ የሚሸጥ ጠላ እንዲኖር አንዱ ጋን ሲጠነሰስ፣ ሁለተኛው ድፍድፍ ይዞ ይተኛል፣ ሦስተኛው ይቀዳል። ዛሬ ብዙ ቤት ጋኑን ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ተክቶታል፤ የሚይዘው ቦታ ግን ያው ነው። በመጨረሻ አተላው አለ። እርጥብ ነው፣ ይሸታል፣ በየጊዜው መውጣት አለበት።

ዋናው ነገር ግን ከዚህ በኋላ ነው። ድፍድፉ ታሽጎ ይቆያል። አንዴ ውሃ ገብቶበት ከተከፈተ ግን ጠላው በጥቂት ቀን ይኮመጥጣል። ጋን ሙሉ ጠላ ተሸክሞ ከተማ የሚያቋርጥም የለም። ስለዚህ ጠላ የሚሸጠው በእግር ተደርሶ በሚመለስበት ርቀት ነው። አንድ ትልቅ ጠላ ቤት አሥር ሰፈር ሊያጠጣ አይችልም። አሥር ሰፈር አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ ትንንሽ ጠላ ቤት ይፈልጋል። በየቅያሱ ጠላ ቤት የነበረው ለዚህ ነው።

ምልክቱም ለዚሁ ርቀት የተሠራ ነው። ዘንግ ላይ የተደፋ ጣሳ ከቆርቆሮ አጥሩ በላይ ብቅ ይላል። ጽሑፍ የለበትም። የሰፈሩ ሰው ያውቀዋል፣ ሌላው ማወቅ አያስፈልገውም።

ውስጥ ስንገባ አንድ ክፍል ነው። ከጭቃ ግድግዳው ጋር የተያያዘ መደብ ወይም አግዳሚ ወንበር ዙሪያውን ይዞራል። መጋረጃ አለ፤ ከመጋረጃው ኋላ የባለቤቷ አልጋና የልጆቿ ደብተር። ከጓሮ በኩል ማድ ቤቱ፣ ጋኖቹ፣ የጋራ ቧንቧው፣ የጋራ መጸዳጃው። «እትዬ» ትባላለች። ቀድታ መጀመሪያ ራሷ ትቀምሳለች፣ ከዚያ ትሰጣለች። ጠዋት ይኼ ክፍል ወጥ ቤት ነው፣ ከሰዓት መሸጫ፣ ማታ መኝታ። በከተማው መዝገብ ላይ ግን አንድ ቃል ብቻ ተጽፎበታል፦ መኖሪያ።

እኔ የችግሩ ሥር እዚህ ያለ ይመስለኛል። ጓሮው ፋብሪካ ነበር። ማንም ፋብሪካ ብሎ አልቆጠረውም።

በአንድ ጋን ዙሪያ ስንት ሰው ያድራል

ጠላው ከጓሮ አይወጣም እንጂ ገመዱ ረጅም ነው። ገብሱና በቆሎው ከእህል በረንዳ ይመጣል። ጌሾው ከመርካቶ ወይም ከሾላ ገበያ። እንጨቱ ደግሞ ለዘመናት ከእንጦጦ ወርዷል።

ስለ እንጨቱ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በዙሪያዋ የነበረው ደን ብዙ አልቆየም። ምድጃው በላው። ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ እንደነበር የሚታወቅ ነው። ያዳናት ባህር ዛፍ ነው። በምኒልክ ዘመን ከውጭ መጥቶ ተተከለ፣ ቶሎ አደገ፣ ኮረብታውን ሞላ። ከዚያ ወዲህ ጠላው፣ አረቄው፣ እንጀራው በባህር ዛፍ በሰለ። ከእንጦጦ ቁልቁል ጎብጠው፣ ከራሳቸው የሚበልጥ የቅጠልና የጭራሮ ሸክም ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ያላየ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። ያ ሸክም ከሚያርፍባቸው ቦታዎች አንዱ የጠላ ምድጃ ነው። እንጦጦ በ2013 ዓ.ም. ፓርክ ሆኖ ተመረቀ። ደስ የሚል ቦታ ነው። የምድጃውም ታሪክ ግን አብሮ ተቀይሯል።

በሌላኛው ጫፍ አተላው አለ። ከተማ ውስጥ ላም የሚያረባ ሰው አተላ በባልዲ ይገዛል። ላሟ ትበላለች፣ ወተቱ ተመልሶ ለሰፈሩ ይሸጣል። ቆሻሻ ማንሻ መኪና ሳይመጣ፣ ማንም ሳያዘው፣ አተላው ሥራ ነበረው።

ሰዉስ? ጠላ ቤት የሚገባ ሁሉ ሊሰክር አይገባም። የቀን ሠራተኛ ነገ የት ሥራ እንዳለ የሚሰማው እዚያ ነው። ጡረተኛው ጓደኛውን የሚያገኘው እዚያ ነው። ዱቤ አለ፤ ወር ሲደርስ ይከፈላል። እትዬ ዕቁብ ትጥላለች፣ ዕድር ውስጥ አለች፣ የተጣላ ሲኖር ሽማግሌ የሚቀመጠው እሷ ቤት ነው። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለማሞገስ አይደለም። ሰፈር ሲነሳ ከቤቱ ጋር የሚነሳው ምን እንደሆነ እንዲታይ ነው።

የማይሞገስም አለ። ጢሱ ዓይንና ሳንባ ይበላል፤ የሚበላውም የሴቶቹን ነው። ባል ደመወዙን ጨርሶ የሚገባበት ቤት አለ። በድሮው ጠላ ቤትና ቡና ቤት ብዙ ወጣት ሴቶች ገላቸውን ጭምር ለመሸጥ ተገደዋል። ልጆች ከመጋረጃ ኋላ የሰካራም ጩኸት እየሰሙ አጥንተዋል። ጠላ ቤትን የሚናፍቅ ሰው ይህን ደብቆ ባይናፍቅ ጥሩ ነው።

ከግቢ ወደ ሰፈር

ይህ ሁሉ ከየት መጣ? ከቤተ መንግሥት ነው።

አዲስ አበባ ስትጀመር እንደ ጦር ሰፈር ነበረች። ንጉሠ ነገሥቱ ከፍ ካለው ቦታ ሰፈሩ። መኳንንቱ በየኮረብታው ርስት ተሰጣቸው። ወታደሩና አገልጋዩ በየጌታው ዙሪያ ጎጆ ቀለሰ። ራስ መኮንን ሰፈር፣ ራስ ብሩ ሰፈር፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር የምንለው ያኔ ነው የተጀመረው።

በእያንዳንዱ ግቢ ውስጥ እንጀራ ቤት፣ ወጥ ቤት፣ ጠጅ ቤት ነበር። ማሩ ከገባር ይመጣል፤ ብዙ አገር ግብሩን በማር ይከፍል ነበር። ጠጅ ጣይዋ፣ ጠላ ጠማቂዋ፣ ውሃ ቀጂዋ፣ እንጨት ለቃሚዋ የግቢው ሰዎች ናቸው። በምኒልክ አዳራሽ ግብር ሲበላ ሰው በሺዎች ይቆጠራል። መኳንንቱ ቀድሞ ይቀመጣል፣ ሌላው በየተራው ይገባል። ጠጅ የጌታ መጠጥ ነበር፣ ጠላ የሕዝቡ። ስለዚህ በመጀመሪያዋ አዲስ አበባ መጠጥ የሚሠራው በጌታው አጥር ውስጥ ነው። የሚጠጣውም በጌታው ፈቃድ ነው፤ ሳንቲም አይከፈልበትም።

ከዚያ ገንዘብ መጣ። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ደመወዝ የሚቆረጥለት ሠራተኛ በዛ፣ ነጋዴው በዛ፣ ከገጠር የሚገባው ሰው በዛ። ይህ ሁሉ ሰው ግብር የሚያበላው ጌታ የለውም። በኪሱ ግን ጥቂት ሳንቲም አለ። በግቢ ያለውን ሙያ የሚያውቁ ሴቶችም ነበሩ፤ ከትዳር የወጡ፣ ባል የሞተባቸው፣ ከአገራቸው ብቻቸውን የመጡ። መሬት የላቸውም፣ ካፒታል የላቸውም። አንድ ክፍል፣ አንድ ጋንና እጃቸው ግን አለ። ጠላ ለመጀመር ከዚህ ብዙ አይበልጥም። ግቢ ውስጥ ተዘግቶ የነበረው ሥራ በዚህ መንገድ ወደየሰፈሩ ወጣ።

በቤተ ክርስቲያን ዙሪያም ሌላ መስመር አለ። ሰንበቴና ማኅበር ያለ ጠላ አይሆንም። ስለዚህ በየደብሩ ዙሪያ ጠላ የሚጠምቅ እጅ ሁልጊዜ ያስፈልግ ነበር። ይኼኛው አይሸጥም። ሙያውን ግን ያቆየዋል።

ቀጥሎ የመጣው ትልቁ ለውጥ የሕግ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ትንንሾቹ ቤቶች ወደ ቀበሌ ሄዱ። ኪራዩ ዝቅ ተደርጎ ተወሰነ፣ ለዐሥርተ ዓመታትም ብዙ ሳይነካ ቆየ። ውጤቱ ሁለት ፊት አለው። ቤቶቹ ተጎሳቆሉ፤ ቀበሌውም ተከራዩም የሚያድስበት ምክንያት አልነበረውም። በሌላ በኩል ግን ጠላ ጠማቂዋ መሀል ከተማ ላይ፣ ለገበያው ቅርብ፣ በጣም ርካሽ በሆነ ኪራይ መቆየት ቻለች። ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ ልደታ፣ ካዛንቺስ ውስጥ ከትልልቅ ፎቆች ጀርባ ጠላ ቤትና አረቄ ቤት እስከ ቅርብ ጊዜ የቆየው በዚህ ኪራይ ነው። ኪራዩ በገበያ ዋጋ ቢሆን ኖሮ ጋኑ ገና ድሮ ከመሀል ከተማ ይወጣ ነበር።

ጠጅና አረቄ የሄዱበት ሌላ መንገድ

ጠጅ ከጠላ የሚለየው በጣዕሙ ብቻ አይደለም። ማር ይጓዛል። ከጎጃም፣ ከከፋ፣ ከወለጋ ተጭኖ መጥቶ ወራት ቢቀመጥ አይበላሽም። ዋጋው ግን ውድ ነው። ስለዚህ ጠጅ ቤት የሚከፍት ሰው ማር በጅምላ የሚገዛበት ገንዘብ ይፈልጋል። የገዛውን ለማስመለስ ብዙ ጠጪ ይፈልጋል። ብዙ ጠጪ ደግሞ ሰፊ አዳራሽ ይጠይቃል። የጠጅ ቤት መልክ ከዚህ ይመጣል፦ ሰፊ በር፣ ረጅም አዳራሽ፣ ረድፍ አግዳሚ፣ ከኋላ በርሜል፣ ፊት ለፊት ብርሌ። ከመንደር ውስጥ ይልቅ ለመንገድ ይቀርባል። ባለቤቱም ብዙ ጊዜ ከእትዬ የተሻለ አቅም ያለው ሰው ነው።

አረቄ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው። ድፍድፉ እሳት ላይ ይጣዳል፣ እንፋሎቱ በቱቦ እያለፈ ይቀዘቅዛል፣ ጠብ ጠብ ይላል። ሁለት ጊዜ የወጣው ዳግም ይባላል፣ ጠንካራ ነው። አረቄ አይኮመጥጥም። ቦታም አይፈጅም፤ አንድ ጄሪካን አረቄ በመለኪያ ሲሸጥ ከብዙ እንስራ ጠላ ይበልጣል። እና ለምን አዲስ አበባ ውስጥ ይወጣል? እንጨት ውድ በሆነበት፣ ቦታ በጠበበበት?

መልሱ ያለው ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አርሲ ነገሌ ነው። ከተማው በአረቄ የታወቀ ነው። በየጓሮው ረድፍ ምድጃ አለ፣ እንስራው ተጥዶ ቱቦው ወደ ማቀዝቀዣው ተዘርግቷል። አውጪዎቹ በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። እህሉ ከዙሪያው ገበሬ ይገዛል። እንጨቱ በአህያና በሸክም ይገባል፤ በአቅራቢያው ባለው የሙኔሳ ደን ላይ ያሳደረው ጫና ብዙ የተጻፈበት ጉዳይ ነው። አተላው ደግሞ በሬ ያደልባል። ሴቷ አረቄውን ሸጣ በአተላው በሬ ቀልባ፣ በዓል ሲደርስ በሬውን ትሸጣለች። ከሁለቱ ትርፉ የቱ እንደሚበልጥ አንዳንዴ ራሷም ታመነታለች። አዲስ አበባ መለኪያ የሚጨብጠው ሰው የዚያን ከተማ ምድጃ፣ ደንና በሬ አብሮ ጨብጧል።

አረቄ ላይ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። በጥንቃቄ ያልወጣ ወይም በሌላ ነገር የተበረዘ አረቄ ይገድላል፣ ዓይን ያጠፋል። ሲወጣ መጀመሪያ የሚንጠባጠበው ለጠጪ እንደማይሰጥ ጥሩ አውጪዎች ያውቃሉ። መንገዱ ሲረዝምና እጅ ሲበዛ ግን ማን ምን እንደጨመረበት አይታወቅም። ጠላ ቤት ውስጥ ጠማቂዋን ፊት ለፊት ታያታለህ። አረቄ ቤት ውስጥ የምታየው ሻጩን ብቻ ነው።

ቢራው

ቢራ ላይ ብዙ አልቆይም። ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ በ1915 ዓ.ም. ሲቋቋም ቦታው ያኔ የከተማው ዳር ነበር፣ ከባቡሩ ግን አይርቅም። ቢራ ታሽጎ ይቆያል፣ ስለዚህ የሚፈልገው ባቡርና አስፋልት ነው። ከተማው አድጎ ፋብሪካውን ሜክሲኮ ላይ መሀል አደረገው። ሜታ ወደ ሰበታ ወጣ። የኋለኞቹ ይበልጥ ራቁ፤ ሃይኒከን ቂሊንጦ፣ ሐበሻ ደብረ ብርሃን፣ ዳሽንም ከጎንደር ሌላ ደብረ ብርሃን። ደብረ ብርሃን ከዚያ በፊትም የአረቄ አገር ነበረች። ምክንያቱ አንድ ነው፦ ደጋ ነው፣ ገብስ አለ፣ ለአዲስ አበባ ቅርብ ነው።

እንግዲህ ካርታው ይኼው። የሚቆየው መጠጥ አብዛኛው ቀስ በቀስ ከመሀል ከተማ ወጥቷል። ውስጥ የቀረው የማይቆየው ነው፤ ጠላ። አሁን የሚፈርሰውም ጠላ ያለበት ቤት ነው።

አራተኛ ፎቅ ላይ ጠላ አይጠመቅም

የኮንዶሚኒየም ግንባታ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲጀመር ዓላማው መጠለያ ነበር። መጠለያው ያስፈልጋል። የቀበሌ ቤት ጣራው ያፈሳል፣ መጸዳጃው ለብዙ ቤተሰብ አንድ ነው። «ድሮው ይሻላል» የሚል ሰው አንድ ክረምት እዚያ ይክረም። ልደታ፣ ባሻ ወልዴ ችሎት፣ ኋላም በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ፈረሱ። ነዋሪው ወደ ጀሞ፣ ኮዬ ፈጬ፣ የካ አባዶ፣ ገላን ጉራና ሌላ ሌላው ዳር ሄደ።

ጠላ ጠማቂዋስ? እስቲ ዕጣዋ አራተኛ ፎቅ ላይ ወጣ እንበል። ወይራ ማጨስ አትችልም፤ ደረጃው በሙሉ ይታፈናል፣ ጎረቤት ይጮሃል። እንጨት ማንደድ አይፈቀድም። በኤሌክትሪክ ቂጣ ትጋግር ይሆናል፣ ቆጣሪው ግን ትርፏን ይበላዋል። ውሃ በፈረቃ ነው። በርሜል ወደ ላይ ማውጣት፣ አተላ ወደ ታች ማውረድ የቀን ሠራተኛ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ብትችለው እንኳ የቀን ሠራተኛው ጠጪ አራት ፎቅ ወጥቶ፣ ሰው መኖሪያ በር አንኳኩቶ ጠላ አይጠጣም። ጠላ ቤት ምድር ላይ፣ ለመንገድ ቅርብ፣ በሩ ክፍት መሆን አለበት።

ምድር ቤት ያሉት ሱቆች በጨረታ ይሸጣሉ ወይም በውድ ይከራያሉ። እነዚያን ግሮሰሪው፣ ድራፍት ቤቱ፣ ሥጋ ቤቱ ይወስዷቸዋል። እዚያ የሚሸጠው መጠጥ ደግሞ ከሩቅ የሚመጣው ነው፤ ቢራና አረቄ። ጠላ በጄሪካን ቢጓዝ እንኳ በመንገድ ይናጣል፣ ይጎሻል፣ ቶሎ ይኮመጥጣል። ስለዚህ የሰፈር አቀማመጥ ሲቀየር የመጠጡ ዓይነት አብሮ ይቀየራል። መለስተኛው ወጥቶ ጠንካራው ይገባል። እሱም ብቻ አይደለም። ከመቶ ብር መጠጥ ውስጥ እትዬ እጅ ይቀር የነበረው ድርሻ አሁን ፋብሪካና አከፋፋይ ጋ ነው። ለመጠጡ የሚከፈለው ገንዘብ ሰፈር ውስጥ አይዞርም፣ ወጥቶ ይሄዳል።

ብዙዎች ዕጣ የወጣላቸውን ቤት አከራይተው ራሳቸው ሌላ የጭቃ ቤት የተከራዩት በዚህ ምክንያት ነው። ኪራዩ የባንኩን ብድር ይከፍላል፣ የጭቃው ቤት ደግሞ ጓሮ አለው። ከውጭ ሲታይ «ቤት ተሰጥቷት ጥላ ሄደች» ይባላል። እሷ ግን ያጣችው የሥራ ቦታዋን ነው፤ የሄደችውም እሱን ፍለጋ ነው።

ሌላ አገር እንዴት ሆነ?

አንድ ምሳሌ ብቻ ላንሳ፤ አሜሪካ፣ ዴንቨር። የከተማው አሮጌ ክፍል፣ በባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለው የመጋዘን ሰፈር፣ በ1970ዎቹና በ80ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተራቁቶ ነበር። በ1988 ከሥራ የተቀነሰ ጂኦሎጂስት፣ ጆን ሂክንሉፐር፣ ከሸሪኮቹ ጋር አንድ አሮጌ የንግድ ሕንፃ ውስጥ ዊንኩፕ የሚባል ቢራ ጠምቆ እዚያው የሚሸጥ ቤት ከፈተ። ኪራዩ በጣም ርካሽ ነበር። ሰው መምጣት ጀመረ፣ ሌሎች ጠማቂዎችና ምግብ ቤቶች ተከተሉ፣ በ1995 የቤዝቦል ስታዲየም በአቅራቢያው ተከፈተ። የቦታው ዋጋ ጣራ ነካ። ጠማቂው በ2003 የከተማው ከንቲባ ሆኖ ተመረጠ፣ በኋላም የግዛቱ ገዥ።

እዚያ ርካሽ ኪራይ የእጅ መጠጥ አመጣ፣ የእጅ መጠጡ ደግሞ ኪራዩን አናረ። ዛሬ ያ ሰፈር ለአዲስ ትንሽ ጠማቂ የሚቀመስ አይደለም። ነገር ግን መጀመሪያ የገቡት ሰዎች የንግድ ፈቃድ፣ የኪራይ ውልና ስም ነበራቸው። ዋጋው ሲያድግ አብረው አደጉ። ካዛንቺስም በጠላውና በአረቄው፣ በአዝማሪ ቤቶቿና በምሽት ሕይወቷ ስም ያገኘች ሰፈር ነበረች፤ ውቤ በረሃም እንደዚሁ። ቦታው ሲወደድ ግን እትዬ የቀበሌ ተከራይ ነበረች። ካሳ ሲታሰብ የሚታሰበው ክፍሏ ነው። ጋኑ፣ ደንበኛው፣ አተላ ገዢው፣ ዱቤ መዝገቡ በየትኛውም ቅጽ ላይ መሙያ ቦታ የለውም።

መሀል ከተማ ላይ መጥመቅ ራሱ ችግር እንዳልሆነ ማሳያ እዚሁ አዲስ አበባ አለን። ቦሌ ላይ ቢር ጋርደን በጀርመን ወግ ቢራ እዚያው እየጠመቀ ይሸጣል። ጋኑ የሚያብረቀርቅ ብረት ነው፣ ፈቃድ አለው፣ ሰው ፊት ለፊቱ ቁጭ ብሎ ይጠጣል። ጥሩ ቤት ነው። ልዩነቱ ካፒታሉ ነው።

ምን ይደረግ?

የመጀመሪያዎቹ የኮንዶሚኒየም ፕላኖች አንድ ጥሩ ሐሳብ ነበራቸው። በየብሎኮቹ መካከል የጋራ መገልገያ ቤት ተሠርቷል፤ እንጀራ ለመጋገር፣ በግ ለማረድ፣ ልብስ ለማጠብ። ንድፍ አውጪዎቹ የአበሻ ቤት ጓሮ እንደሚያስፈልገው አውቀው ነበር ማለት ነው። ብዙ ቦታ ላይ ግን ይኼ ቤት ተቆልፏል፣ ወይም ለሌላ ነገር ተከራይቷል።

እሱኑ ቤት ለጠማቂዎች በማኅበር መስጠት ይቻላል። የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ጢሱን ከመስኮቶች በላይ የሚያወጣ ረጅም ጭስ ማውጫ። እንጨት የሚቆጥብ ምድጃ፤ ለእንጀራ የተሠሩት እኮ አገር ውስጥ አሉ። ለፈረቃ ውሃ አንድ ሮቶ። ወለሉ ወደ አንድ ጉድጓድ ያዘነበለ፣ አተላው ከፍሳሹ ጋር እንዳይሄድ ወንፊት ያለው። በርሜሎቹ በየባለቤቱ የሚቆለፉበት ክፍል፣ ከመንገድ በኩል አግዳሚና ጥላ ያለው መሸጫ በር። የምሽት መዝጊያ ሰዓቱን የብሎኩ ነዋሪዎች ኮሚቴ ይወስን፤ ሕፃናት ያሉበት ግቢ ነውና ይህ በደንብ መከበር አለበት። ፈቃዱ በእያንዳንዷ ጠማቂ ስም ይሁን፤ ነገ ቦታው ቢፈለግ ካሳው ላይ ሥራዋም እንዲቆጠር።

አተላውን የሚወስድ አይጠፋም። ኮዬም ገላንም ከአጥሩ ማዶ ላም የሚያረባ ሰው አለ።